ሰባት ሰዓት ላይ የሚያርፈው ራዲዮ

ጋሼ ተሾመን ከመውሰዳቸው በፊት የነበረው የመጨረሻው ደህና ቀን ሐሙስ ነው። ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር ከሱቃችን ፊት ውሃ አቁሯል፤ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ጭቃው እስከ ደረጃው ይረጫል። ጋሼ ተሾመ ጠዋት መጥቶ መዝጊያውን ከፈተ። ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወለ። የብየዳውን ብረት ሰካና እስኪግል ድረስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ የተለየ ነገር ባስታውስ ደስ ይለኝ ነበር። የለም።

ጋሼ ተሾመ ወንድሜ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ራዲዮ ይጠግን ነበር። ሙያውን የተማረው ወንጂ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከቡልቡላ አምጥቶ ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚያ ክረምት አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ሱቁ ውስጥ እውል ነበር። እጄ ለሥራው ስለማይሆን ብዙም አያስነካኝም። «ተማሪው» ነው የሚለኝ። «ተማሪው፣ አንተ ስሙን ጻፍልኝ፤ እኔ ልፍታው።» በየራዲዮው ላይ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፌ እለጥፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

የጠገነውን ራዲዮ የሚፈትሸው በዜና ሰዓት ነው። «ዘፈን ጉድለት ይሸፍናል» ይላል። «የሰው ንግግር ግን አይደብቅም። ስፒከሩ ከተቀደደ ዜና ላይ ይታወቃል።» ስለዚህ ቀን ሰባት ሰዓት ሲሆን የተጠገኑት ሁሉ ይከፈታሉ። አንዳንድ ቀን አራት፣ አንዳንድ ቀን ስድስት ይሆናሉ። አንድ ሰው በስድስት ራዲዮ ይናገራል። ዜናው በዚያን ጊዜ ምን እንደ ነበር የማያውቅ የለም። አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸው ሰዎች ስም ይነበባል። ንባቡ ሲጀምር ጋሼ ተሾመ ብረቱን ከእጁ ያስቀምጣል። ስሙ ተነብቦ እስኪያልቅ ምንም አይነካም፤ አይናገርምም። ሲያልቅ እንደገና ያነሳዋል። አንድ ቀን ለምን እንደሚያስቀምጠው ጠየቅኩት።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ዕቃ አቃጥላለሁ» አለኝ።

እጁ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቼ አላውቅም።

የወይዘሮ ብርቄን ነገር እዚህ ላይ ካልጻፍኩት እረሳዋለሁ። ወይዘሮ ብርቄ ከእኛ ጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። የልጃቸው ስም የተነበበ ዕለት ራዲዮው ቤታቸው ውስጥ ተከፍቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ራዲዮውን በነጠላ ቋጥረው ይዘው መጡ። ሳጥኑ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። መስታወቱ ረግፏል።

«ወደቀብኝ» አሉ።

ጋሼ ተሾመ ነጠላውን ፈታና አየ። በመጥረቢያ የተመታ ነገር እንደማይወድቅ እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። «ደህና ነው እማማ፤ ይሠራል» አላቸው። ጥቁር መልበስ ስለ ተከለከሉ የለበሱት አበባ ያለበት ቀሚስ ነው። ዓይኔን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ራዲዮው ተጠግኖ ሊወስዱት ሲመጡ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ዘፈኑን ብቻ እንዲያወራ ማድረግ አይቻልም? ዜናውን እንዲተው?» አሉት።

ጋሼ ተሾመ ራዲዮውን ገልብጦ ጀርባውን አሳያቸው።

«እማማ፣ ይህ ራዲዮ ተጎድቷል። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ በጣም ይግላል። ማታም ሁለት ሰዓት ላይ ይግላል። በእነዚህ ሰዓቶች ለግማሽ ሰዓት ያህል ይዝጉት፤ ይረፍ። ካላረፈ ይቃጠላል።»

ወይዘሮ ብርቄ አዩት። ለረጅም ጊዜ ነው ያዩት። «እሺ፤ ይረፍ» አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ራዲዮው የሚግልበት ሰው በዛ። ጎረቤቱ በሰባት ሰዓት ራዲዮ ዘግቶ ሲገኝ፣ «ምነው ዘጋህ?» ሲባል፣ «እያረፈ ነው» ይላል። «የማን ሥራ ነው?» «የተሾመ ነዋ።» ይሳሳቃሉ። ጋሼ ተሾመ ይህን ሲሰማ አይስቅም። «ተዉ፣ ቀስ በሉ» ይላል። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን ዜና ዘግቶ አያውቅም።

ወደ ሐሙስ ልመለስ።

የዚያን ቀንም ስም ተነበበ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። የምሥራቁ አብቅቶ የሰሜኑ ነበር፤ ሠራዊቱ ይህን ያዘ፣ ያንን ደመሰሰ። ከሁሉም በኋላ፣ ዜናው ሊያልቅ ሲል፣ ሰውዬው በዚያው ድምፁ በእንግሊዝ አገር በብልቃጥ ውስጥ የተፀነሰች ሕፃን በሰላም ተወለደች አለ። ጋሼ ተሾመ አንስቶት የነበረውን ብረት መልሶ አስቀመጠ።

«ምን አለ?» አለኝ።

«ሕፃን ተወለደች አለ።»

«እሱንማ ሰማሁ። በምን ውስጥ ነው ያለው?»

«በብልቃጥ።»

«ብልቃጥ ውስጥ ተወለደች?»

«የተፀነሰችው ነው ብልቃጥ ውስጥ። የተወለደችው ከእናቷ ነው።»

ኦቦ ገመዳ በእኛ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉ ሰው ናቸው። የስፌት መኪናውን አቁመው አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። «ታዲያ አባቷ ማን ሊባል ነው? ብልቃጡ?»

«አባቷማ ባልየው ነው» አልኳቸው።

«ባልየው የት ሄዶ ነው ብልቃጥ የተፈለገው? ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! የፈረንጅ ወንድ ይህንንም ሰነፈ?»

በረንዳው ላይ የነበሩት ሳቁ። ጋሼ ተሾመ አልሳቀም። የስፒከር ካርቶን ገነጠለና ከእርሳስ ጋር ሰጠኝ። «ባዮሎጂ ተምረሃል። ሣልልኝ።»

መምህራችን ያንን ምዕራፍ፣ ተማሪው ስለሚስቅ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው ሮጦ ያለፈው። የማስታውሰውን ሣልኩ። እንቁላሉ እዚህ ይወጣል፤ በዚህ ቱቦ ይሄዳል፤ እዚህ ጋ ይገናኛሉ፤ እዚህ ያድጋል። ጋሼ ተሾመ እንደ ራዲዮ ንድፍ አድርጎ አየው። ጣቱን ቱቦው ላይ አሳረፈ።

«እና እዚህ ቢዘጋ፣ ከላይ አውጥተው ከታች ሊያስገቡት ይችላሉ ማለት ነው።»

«ይመስለኛል» አልኩት። እርግጠኛ አልነበርኩም።

እሱና እትዬ አልማዝ ከተጋቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልጅ የላቸውም። እትዬ አልማዝ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ጠበልም ሄዳለች፤ አዲስ አበባም ሐኪም ዘንድ ወስዷታል። ሐኪሙ፣ «ቱቦሽ ተዘግቷል» ነው ያላት። ሌላ ነገር አልነገራትም። ከዚያ የተመለሱ ዕለት ጋሼ ተሾመ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ «የተዘጋ ነገር ሳልከፍት ቀርቼ አላውቅም ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው።

እናታችን ቡልቡላ ነው የምትኖረው። በሄድን ቁጥር ነገሩን ታነሳለች። «ተሾመ፣ አባትህ አንተን በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው የወለደህ። ሌላ አግባና ልጅ ልይ።» አንድ ፋሲካ እትዬ አልማዝ ጓዳ ውስጥ እያለች ነው እንዲህ ያለችው። ጋሼ ተሾመ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እማዬ፣ እኔ ራዲዮ ሠሪ ነኝ። አልሠራ አለ ብዬ ራዲዮ አልጥልም» አላት።

«ራዲዮ አደረግኸኝ?» አለች እትዬ አልማዝ ከጓዳ።

«ትልቁን ነው ያልኩሽ፤ ባለ አምስት ባንዱን።»

እማዬም ሳቀች። ነገሩ ለዚያ ፋሲካ ቀረ። ለእኔ ግን አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን ሳለን፣ «ልጅ ቢኖረኝ ስሙን አንተ ነህ ወረቀት ላይ የምትጽፍልኝ» ብሎኛል። ሌላ ምንም አላለም።

ያን ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሥራ አልሠራም። ያቺን ሕፃን የሚመለከት ተጨማሪ ነገር ፍለጋ ራዲዮ መነካካት ጀመረ። የእኛ ጣቢያ እንደማይደግመው ያውቃል። የውጭ ጣቢያዎች በአማርኛ የሚናገሩበትን ሰዓትም ያውቃል፤ ማንም ራዲዮ የሚጠግን ሰው ያውቃል። ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ከሩቅ ማምጣት የሚችለው አንድ ብቻ ነበር። የቀበሌው ራዲዮ። ስፒከሩ ተበላሽቶ ነው የመጣው፤ ከጠዋት ጀምሮ ተጠግኖ አልቋል።

ጋሼ ተሾመ አንድ የማይጥሰው ደንብ ነበረው። የሰው ራዲዮ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ጣቢያ የምታሳየው መርፌ የቆመችበትን ቦታ በመስታወቱ ላይ በጠመኔ ያሰምርበታል። ከፈታው፣ ከጠገነው፣ ከፈተሸው በኋላ መርፌዋን እዚያው ጠመኔው ላይ መልሶ ነው የሚሰጠው። «ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ትቶት የሄደው ሰው ነው ሊያናግረው የሚገባ» ይላል። ጠመኔውን የሚጠርገው ባለቤቱ ፊት ነው። የቀበሌውም ራዲዮ ላይ ነጭ መስመር ነበረበት።

አሥር ሰዓት ላይ አገኘው። አጭር ሞገድ ላይ ነው። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሁለታችንም ጆሯችንን ስፒከሩ ላይ አስጠጋን። ብዙ ነገር ካወራ በኋላ ስለ ሕፃኗ መጣ። ሐኪሞቹ ለብዙ ዓመት እንደ ደከሙ ተናገረ። ከዚያ የሕፃኗ እናት ቱቦዋ የተዘጋ እንደ ነበር ተናገረ።

ጋሼ ተሾመ ቀና አለ። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ቱቦ ነው ያለው አይደል?»

«ቱቦ ነው ያለው።»

«ተዘግቷል ነው ያለው?»

«ተዘግቶ ነበር ነው ያለው።»

ወጥቶ ሮጠ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ኮቱ ወንበሩ ላይ ቀረ። ኦቦ ገመዳ፣ «ተሾመ፣ ማጂራ? ምን ሆንክ?» እያሉ ጮሁበት። በጭቃው መሃል ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠ።

እሱ እንደ ወጣ ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ጥበቃ መጣ። ትከሻው ላይ ጠመንጃ ነበረው። ሰላም ብሎኝ፣ «የቀበሌው ራዲዮ አልቋል? ጓድ ሊቀመንበር ለማታው ስብሰባ ይፈልገዋል» አለኝ። አልቋል አልኩት። ራዲዮውን ዘጋሁ። ወንድሜ እንደሚያደርገው ጨርቅ አንስቼ አቧራውን ጠረግኩ። መስታወቱንም ጠረግኩ። ጠመኔውንም ጠረግኩት። ስም ያለበትን ወረቀት ላጥኩና፣ መርፌዋ እዚያው እንዳለች፣ ሰጠሁት።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ጻፍኩት።

ማታ እራት ላይ ሦስታችን ነበርን። እትዬ አልማዝ የሞቀ ዳቦ ይዛ፣ ጋሼ ተሾመም ሱቁን ሳያይ ከእሷ ጋር መጥተዋል። ጋሼ ተሾመ ሥዕሌን ከኪሱ አውጥቶ ማዕዱ አጠገብ ዘረጋው።

«እኔ ጠርሙስ ውስጥ አልገባም» አለች።

«አንቺ አይደለሽም የምትገቢው። እሱ ነው።»

«እሱ ማነው?»

«ልጁ ነዋ።»

እንጀራዋን ቆርሳ ሳትጎርስ ያዘችው። «ያማል ወይ?» አለች።

ጋሼ ተሾመ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አላውቅም። «አያምም» አልኳት።

«ቋንቋቸውንስ ማን ይናገርልኛል?»

«ተማሪው አለልሽ» አለ ጋሼ ተሾመ።

«ይሄ? ይሄ ለመምህሩ ጉድ ሞርኒንግ ማለት የሚያፍረው?»

ሳቅን። ከዚያ ጋሼ ተሾመ ሥዕሉን አጠፈና እንዲህ አለ፦ «ለአንዲት ልጅ ስንት ዓመት ደከሙ አሉ። አንዲት ልጅ እኮ ናት። ያ ሰውዬ ደግሞ ስሞቹንም ያንኑ ያህል፣ እሷንም ያንኑ ያህል ጮኾ አነበበ። ድምፁ አልተለወጠም። ሰምታችኋል? እኔ ድምፅ አውቃለሁ፤ ትንሽ እንኳ አልተለወጠም።» እኔም እስከ ዛሬ በዚህ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ።

እራት ሳንጨርስ ሁለት ጥበቃዎች በሩን አንኳኩ። አንደኛው፣ ቀን ላይ ራዲዮውን የወሰደው ነው።

«ጓድ ተሾመ፣ ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ።»

«እራቴን ልጨርስ?»

«ስትመለስ ትጨርሳለህ።»

የሆነውን የነገሩን ኦቦ ገመዳ ናቸው፤ ስብሰባው ላይ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ ዜና እንዲሰማ ብሎ ራዲዮውን ከፈተው። በአማርኛ የተናገረው ግን ከጠላት አገር የሚተላለፈው ፕሮግራም ነው። መንግሥትን እየሰደበ ነበር። ሊቀመንበሩ ሊዘጋው ቸኩሎ ቁልፉን ወደ ሌላ አዞረና ድምፁን ጨመረው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

አጭር ሞገድ እንዲህ ነው። ቀን አንዱ ጣቢያ የሚሰማበት ቦታ፣ ሲመሽ ሌላው ይመጣበታል። ይህን ጋሼ ተሾመ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ እሱ ነግሮኛል።

በማግስቱ ስንቅ መውሰድ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን አንድ ጥበቃ አዘነልኝና በቆርቆሮው አጥር በኩል ለትንሽ ጊዜ አገናኘኝ። ጋሼ ተሾመ ጢሙ አድጓል። አንደኛው እግሩ ላይ ጫማ አላደረገም።

«መርፌዋን ማን ነካት አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው» አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«አንተ ሱቅ አልነበርክም። ትምህርት ቤት ነበርክ።»

«ትምህርት ቤት ዝግ ነው።»

አሰበ። «እንግዲያው እማዬ ዘንድ ነበርክ።»

«ጥበቃው አይቶኛል እኮ። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«የሰጠኸው አንተ ነህ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በቃ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለሚያርፈው ራዲዮም ጠይቀውኛል። ሰፈሩን ዜና እንዳይሰማ አሳደመ ብለዋል። ለእማማ ብርቄ ንገራቸው፤ አይዝጉ። ለጊዜው አይዝጉ።»

«እሺ።»

«አልማዝ አሁንም ያማል ወይ ትላለች?»

አዎ አልኩት። አላለችም ነበር። ከዚያች ማታ በኋላ አንስታው አታውቅም።

በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ፍልሰታ ገብቶ ስለ ነበር የወሰድኩት ሽሮ ነው። ጥበቃው ሳህኑን ተቀብሎኝ ገባ። ቶሎ ተመለሰ። ሳህኑን መልሶ ሰጠኝ። ክዳኑ አልተከፈተም፤ ገና ትኩስ ነበር።

«ከነገ ጀምሮ አታምጣ» አለኝ።

ትርጉሙን ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን፣ «ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነው?» አልኩት።

«አታምጣ ብዬሃለሁ። ለቅሶም እንዳይሰማ።»

ሳህኑን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገዱ ላይ ምን እንዳየሁ አላስታውስም። እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ሳህኑን አየች። ከእጄ ተቀበለችኝ። ከፈተችው። መልሳ ከደነችው። ጓዳ ገብታ መሬት ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

ድንኳን አይተከልም፤ ሙሾ የለም፤ ሰው መሰብሰብ አይቻልም። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ወይዘሮ ብርቄ መጡ። ራዲዮአቸውን በነጠላ ይዘዋል። «ላስጠግን ነው» አሉ በር ላይ ለሚያይ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ገብተው እትዬ አልማዝ አጠገብ ተቀመጡ። ቀጥሎ የዳቦ ቤቱ ሴቶች አንድ ራዲዮ ይዘው መጡ። ቀጥሎ ኦቦ ገመዳ፣ ራዲዮ ስለሌላቸው፣ ከሰው ተውሰው መጡ። እስኪመሽ ድረስ ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ራዲዮ ተሰበሰበ። ማንም አልከፈተም። ማንም አልጮኸም። ወይዘሮ ብርቄ የእትዬ አልማዝን እጅ ይዘው ነበር። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ወረቀት አንስቼ ስም መጻፍ ጀመርኩ። ኦቦ ገመዳ ወረቀቱን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

ከዚያ የእማዬ ነገር ተነሳ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ሰውዬው ለሥራ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው ይሄዳሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዛሉ። ብቻውን መርዶ የሚናገር የለም። ግን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ከከተማ መውጣት አይቻልም። ወረቀቱን የሚሰጠው ደግሞ ያው ሊቀመንበር ነው።

«ምን ብዬ ልጠይቀው?» አሉ ኦቦ ገመዳ። «የማንን መርዶ ልነግር ነው ልበለው?» ያለቅሱ ነበር። «እኔ እሄድልህ ነበር፣ ልጄ። እሄድ ነበር።»

እኔ የተማሪ መታወቂያ አለኝ። ክረምት ተማሪ ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ አይከለከልም። የጋሼ ተሾመ ስም በነገው የሰባት ሰዓት ዜና ሊነበብ ይችላል፤ ቡልቡላ መንገድ ዳር ያለው ሻይ ቤት ራዲዮ አለው፤ እማዬ የምትቸረችረው ከዚያ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከሰባት ሰዓት በፊት መድረስ ነበረብኝ።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ሞጆ ላይ አስወርደው ፈተሹን። «ወዴት ነህ?» አለኝ ፈታሹ። «እናቴን ልጠይቅ።» መታወቂያዬን አየና መለሰልኝ። ከዝዋይ በኋላ ፀሐይ ወጣች። አዳሚ ቱሉ ላይ ሰዎች ሽንኩርት ጭነው ስለ ነበር ብዙ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቆሎ ሰጠችኝ፤ በላሁ። ምን ብዬ እንደምናገር ላስብ ሞከርኩ። የመጣልኝ የአውቶቡሱ መስኮት መሰንጠቁ ብቻ ነው። እሱን ሳይ ደረስን።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። እማዬ መንገዱ ዳር በቆሎ እሸት እየላጠች ተቀምጣለች። ከአውቶቡሱ ስወርድ አየችኝ። ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። በቆሎውን ጥላ ተነሳች። ከኋላዬ አየች። በግራ በቀኜ አየች። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠበቀች። የወረደ የለም፤ አውቶቡሱም ሄደ።

«ብቻህን ነህ?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ተመስገን!» አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር እኮ! ሳይነገረኝ ስትመጣ ጊዜ... ሽማግሌ አስከትለህ የመጣህ መሰለኝ። ናና፣ ና ግባ። ቁርስ በልተሃል?» ጉንጬን ሳመችኝ፤ ትከሻዬን ሳመችኝ። ትስቅ ነበር።

ሽማግሌ ይዤ ብመጣ ኖሮ ባልነገርኳትም ነበር። ሽማግሌዎቹን አይታ ታውቀው ነበር።

ቤት ገባን። በሩን ዘጋሁ። በቀን በር ስዘጋ አይታ አታውቅም። ጀበና ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች፣ «እማዬ፣ ጋሼ ተሾመ ሞቷል» አልኳት። «አትጩኺ። መጮህ ተከልክሏል።» በዚህ ቅደም ተከተል ነው የነገርኳት።

ቀና አላለችም። ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ያዝኳት። የሚይዛት ሌላ ሰው የለም። ገላዋ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ውጭ ሰዎች ያልፋሉ። አንዲት ሴት በቆሎው ስንት ነው እያለች ትጣራለች። ማንም ስላልመለሰላት ሄደች።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ነጠላውን ከአፏ አወጣች።

«ምንም ሳያስቀር?» አለችኝ። «ልጄ፣ ምንም ሳያስቀር?»

መሬት መሬቱን አየሁ። በዚያ ሰዓት ልነግራት የሚገባ ሌላ ነገር ነበር። የማን እጅ ራዲዮውን እንደ ሰጠ። አፌ ላይ ነበር።

«እትዬ አልማዝ አርግዛለች» አልኩ።

እማዬ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ አነሳችው። ዓይኔን ፈለገች።

«ስንት ወሯ ነው?»

«ሦስት» አልኳት።